15 በመቶ፣ 50 በመቶ፣ 500 በመቶ፦ ወለድ ምንዛሪን የሚያቆመው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1992፣ ረቡዕ። የእንግሊዝ ባንክ ጠዋት ላይ የወለድ ምጣኔውን ከ10 ወደ 12 በመቶ አሳደገ። ገበያው ከቁብ አልቆጠረውም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከነገ ጀምሮ 15 በመቶ ይሆናል የሚል መግለጫ ወጣ። ፓውንድ መውረዱን ቀጠለ፤ ባንኩ ከመጠባበቂያው የውጭ ገንዘብ እያወጣ ፓውንድ ቢገዛም ሻጩ አላለቀም። ሲመሽ የገንዘብ ሚኒስትሩ ኖርማን ላሞንት ካሜራዎች ፊት ቆመው አገራቸው የገንዘቦችን ተመን ከሚያስተሳስረው የአውሮፓ የምንዛሪ ሥርዓት መውጣቷን አስታወቁ። 15 በመቶው አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራበት ቀረ።

በዚያው ቀን ስቶክሆልም ውስጥ የስዊድን ማዕከላዊ ባንክ ለንግድ ባንኮች የሚያበድርበትን የአጭር ጊዜ ወለድ 500 በመቶ አደረሰው። የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም፤ አምስት መቶ ነው። ክሮና እየተበደረ ለመሸጥ ያሰበ ሁሉ እጁን እንዲሰበስብ ታቅዶ የተወሰደ እርምጃ ነበር። ሠራም፤ ግን ለሁለት ወር ብቻ። ኖቬምበር 19 ቀን ስዊድንም ተሸነፈችና ክሮናን ለገበያ ለቀቀችው።

ወለድ ሲጨምር የአገር ገንዘብ ይጠነክራል የሚለው ትምህርት በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ሐሰት አይደለም። ባለገንዘብ የተሻለ ወለድ ወደሚከፈልበት አገር ይሄዳል፤ ለመሄድ የዚያን አገር ገንዘብ መግዛት አለበት፤ የተፈለገ ነገር ደግሞ ይወደዳል። የእንግሊዝና የስዊድን ባንኮች ያደረጉትም መጽሐፉ የሚለውን ነው። ታዲያ መጽሐፉ የሚለውን አድርገው ለምን ተሸነፉ?

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ ያስቀመጡት ሰው መልሱን የጻፉት ከዚያ ረቡዕ 16 ዓመት ቀደም ብለው ነው። ሩዲገር ዶርንቡሽ እ.ኤ.አ. በ1942 በጀርመን ክሬፌልድ ከተማ ተወለዱ። ጄኔቫ ተምረው ወደ አሜሪካ ተሻገሩና በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላ የኖቤል ተሸላሚ በሆኑት በሮበርት ሙንዴል ሥር ሠለጠኑ፤ ከ1975 ጀምሮ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ፣ እስከ 2002 ድረስ፣ በኤምአይቲ አስተማሩ። ወዳጆቻቸው ሩዲ ይሏቸዋል። በዲሴምበር 1976 በታወቀ የኢኮኖሚክስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ስለ ምንዛሪ የሚደረገውን ክርክር ሁሉ ቀየረው።

ጊዜው ግራ የሚያጋባ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1971 ዶላርን ከወርቅ አላቀቁት፤ በ1973 ደግሞ ዋና ዋናዎቹ የዓለም ገንዘቦች ተንሳፈፉ። እንደ ሚልተን ፍሪድማን ያሉ ሊቃውንት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ምንዛሪ ለገበያ ቢተው የግድ መናወጥ እንደማይከተል ሲሟገቱ ኖረዋል። የሆነው ሌላ ነው። የጀርመን ማርክ፣ የን፣ ፓውንድና ዶላር እንደ ዕብድ ይወጡና ይወርዱ ጀመር። የዕቃ ዋጋ በዓመት ጥቂት ነጥብ ሲቀያየር ምንዛሪው በጥቂት ወራት ውስጥ 10 እና 20 በመቶ ይዋዥቃል። ብዙዎች ገበያው አበደ አሉ። ዶርንቡሽ ግን አላበደም፤ ነጋዴው ሁሉ አስተዋይ ቢሆን እንኳ ይኸው ይከሰታል አሉ።

ሐሳባቸው የሚነሳው ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ነው። በኢኮኖሚ ውስጥ ዘገምተኛ ዋጋና ችኩል ዋጋ አለ። ደመወዝ ቢበዛ በዓመት አንዴ ይከለሳል። የቤት ኪራይ ውሉ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ዳቦ ቤቱም ዋጋውን በየሰዓቱ አይቀይርም። የምንዛሪ ተመን ግን በደቂቃ ውስጥ ይለዋወጣል። ማዕከላዊ ባንክ የገንዘብ ዝውውሩን ሲያጠብ ዘገምተኞቹ ቶሎ ስለማይነቃነቁ ሸክሙ ሁሉ ችኩሉ ላይ ይወድቃል። ተመኑም መድረስ ከሚገባው ቦታ አልፎ ይሄዳል፤ ከዚያ ደመወዙና የዕቃው ዋጋ እያዘገሙ ሲደርሱበት እሱም ቀስ እያለ ይመለሳል።

ከዒላማው አልፎ ለምን ይሄዳል? እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ገንዘቡን 5 በመቶ በሚከፍል የዶላር ሒሳብና 15 በመቶ በሚከፍል የሌላ አገር ገንዘብ መካከል ያማርጥ እንበል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑለት በዓመቱ ውስጥ ዶላር 9.5 በመቶ ገደማ ይወደዳል ብሎ ከጠበቀ ነው። ከዚያ ያነሰ ከጠበቀ 15ቱን ይመርጣል። የበለጠ ከጠበቀ 15 በመቶ ሊያጓጓው አይችልም። ስለዚህ ከፍተኛ ወለድ ያለው ገንዘብ ገበያው ውስጥ ረግቶ የሚቀመጠው በቅድሚያ በጣም ተወዶ ከዚያ ቀስ እያለ እንደሚረክስ ሲጠበቅ ነው። ወለድ ማሳደግ ገንዘቡን ዛሬ ያነሳዋል፤ ለነገ ግን መውረድን ይቀጥርለታል። ነገሩ ተቃርኖ ይመስላል፤ የዶርንቡሽ ጽሑፍ ዋና ግኝት ግን ይኸው ነው፣ እስከ ዛሬም የማዕከላዊ ባንክ መግለጫ አንብቦ የሚደሰት ወይም የሚናደድ ሰው የሚዘነጋው ይህንኑ ነው።

በዚህ ስሌት ሲታይ የለንደኑ ሽንፈት እንቆቅልሽነቱ ይቀራል። 15 በመቶ የዓመት ወለድ ለ52 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 0.3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፓውንድ በሳምንት ውስጥ 10 በመቶ ይወድቃል ብሎ ለሚወራረድ ሰው 0.3 በመቶ ምኑ ነው? ስዊድኖች ይህን ሳያሰሉት አልቀሩም፤ 500 ለ52 ሲካፈል በሳምንት 9.6 በመቶ ይመጣል፤ የውርርዱን ትርፍ ያህል ማለት ነው። ቁጥሩ ዕብደት ቢመስልም ውስጡ ሒሳብ ነበር። ግን 500 በመቶ የትኛው ኢኮኖሚ ይሸከመዋል? ገበያው የጠየቀውም ይህንን ነው። በእንግሊዝ አብዛኛው የቤት ብድር ወለዱ ከባንኩ ምጣኔ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ስለነበር እያንዳንዱ የወለድ ጭማሪ በቀጥታ ከመራጩ ኪስ ይወጣል። ፓውንድን የሸጡት መንግሥት 15 በመቶን ሳምንት እንኳ ሊታገሠው እንደማይችል አውቀው ነው የሸጡት። የወለዱ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን እንዲያውም የጭንቀቱ ልክ ነው ተብሎ ተተረጎመ።

በሌላኛው ጫፍ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር የነበሩት ፖል ቮልከር ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 1979 ቅዳሜ ማታ ጋዜጠኞች ጠርተው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የገንዘብ አቅርቦቱን እንደሚያጠብ ተናገሩ። በ1981 አጋማሽ ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት የአንድ ሌሊት ወለድ ከ19 በመቶ አለፈ። ገበሬዎች ትራክተር እየነዱ የማዕከላዊ ባንኩን ሕንፃ ከበቡ፤ ሥራ የቆመባቸው ቤት ሠሪዎች የእንጨት ቁራጭ በፖስታ ላኩላቸው። በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደረሰ። ቮልከር አልተመለሱም። በ1980 በአማካይ 13.5 በመቶ የነበረው ግሽበት በ1983 ወደ 3.2 በመቶ ወረደ። ዶላር በ1980 መጀመሪያ 1.7 የጀርመን ማርክ ገደማ ይመነዘር የነበረው በፌብሩዋሪ 1985 ከ3.4 ማርክ በላይ ወጣ።

ከዚያስ? የአሜሪካ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን ውጭ መሸጥ አቅቷቸው ጮኹ፤ ሜክሲኮም ቀደም ብላ፣ በኦገስት 1982፣ የዶላር ዕዳዋን መክፈል እንደማትችል አስታወቀች። በሴፕቴምበር 1985 አምስት ኃያላን አገሮች ኒው ዮርክ ፕላዛ ሆቴል ተሰብስበው ዶላርን ለማውረድ ተስማሙ፤ ወረደም። አወጣጡና አወራረዱ የዶርንቡሽን ሥዕል ይመስላል። በእርግጥ ልክ እንደ ጽሑፉ በአንድ ጊዜ አልዘለለም፤ አምስት ዓመት ገደማ እየተንደረደረ ነው የወጣው፤ ይህ መዘግየት ተከታዮቻቸውን ሌላ ዙር ጥናት አስጠንቷል።

ጠንካራ ገንዘብ ሁልጊዜ በረከት እንዳልሆነ የዶርንቡሽ የመማሪያ መጽሐፍ ተባባሪ ደራሲ ራሳቸው በተግባር አይተውታል። ዛምቢያ ውስጥ ማዛቡካ በምትባል ከተማ የተወለዱት ስታንሊ ፊሸር ከ2005 እስከ 2013 የእስራኤል ባንክ ገዥ ነበሩ። በ2008 ሼቄል ተጠናክሮ ዶላር ሲረክስ ላኪዎች እንዳይከስሩ ባንኩ በየቀኑ ዶላር መግዛት ጀመረ፤ መጀመሪያ 25 ሚሊዮን፣ ቆይቶ 100 ሚሊዮን ዶላር በቀን። በዚያ ሰሞን ከቴል አቪቭ ወደ አዲስ አበባና ወደ ጎንደር ገንዘብ የሚልክ ቤተ እስራኤላዊ ሼቄሉ ሲመነዘር ብዙ ዶላር ያወጣለት ነበር፤ ዕቃውን አውሮፓ የሚሸጠው ኪቡትዝ፣ የኅብረት እርሻው፣ ግን በዚያው ምንዛሪ እያለቀሰ ነበር።

ዶርንቡሽ ራሳቸውም የጠንካራ ገንዘብ አድናቂ አልነበሩም። ሜክሲኮ በ1994 ለፔሶዋ ጥንካሬ ስትጨበጨብ እሳቸው ከአሌሃንድሮ ቨርነር ጋር ሆነው ዋሽንግተን ውስጥ ባቀረቡት ጥናት ፔሶ ከሚገባው በላይ ውድ ሆኗል፣ 20 በመቶ ገደማ መርከስ አለበት ብለው ጻፉ። ያ ጊዜ በሜክሲኮ የፕሬዚዳንት ዕጩው የተገደለበት፣ የምርጫ ዓመት ነበር፤ የሚሰማ አልተገኘም። መንግሥት ወለድ እየጨመረ፣ መጠባበቂያውን እየሸጠ ያዘው። በዲሴምበር 20 ተመኑን ጥቂት አላላው፤ በሁለተኛው ቀን ፈጽሞ አመለጠው። ከ3.5 ፔሶ በታች ይመነዘር የነበረው ዶላር በሦስት ወር ውስጥ 7 ፔሶን አለፈ፤ የመንግሥት አጭር ጊዜ ሰነድ ወለድ ከ70 በመቶ በላይ ሄደ። ዶርንቡሽ ስለ ምንዛሪ ቀውስ ሲናገሩ ቀውስ ከሚጠበቀው በላይ ይዘገያል፣ ሲመጣ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ይፈጥናል ይሉ ነበር። የሜክሲኮ ጉዳይ ለዚህ አባባል ምስክር የሚጠራበት ሆኖ ቀረ።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ቱርክ አለች። ቱርክን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ወለድና ምንዛሪ በአንድ አገር ውስጥ ሊገናኙ የሚችሉባቸውን መንገዶች ሁሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ሞክራቸዋለች።

ፕሬዚዳንት ኤርዶጋን ከፍተኛ ወለድ ግሽበትን ያመጣል እንጂ አያጠፋም የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው፤ ወለድን የክፋት ሁሉ እናትና አባት እስከ ማለት ደርሰዋል። በኖቬምበር 2020 ግን ሊራ ሲንኮታኮት ናጂ አግባልን የማዕከላዊ ባንክ ገዥ አድርገው ሾሙ። አግባል ወለዱን ከ10.25 ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 17፣ በማርች 18 ቀን 2021 ወደ 19 በመቶ አሳደጉት። አንድ ዶላር ከ8.5 ሊራ ገደማ ወደ 7 ወረደ። መጽሐፉ እንደሚለው ማለት ነው። ከመጨረሻው ጭማሪ በሁለተኛው ቀን ሌሊት አግባል ተባረሩ።

እዚህ ላይ ያለው ነገር በጣም ይገርማል። ሰኞ ገበያ ሲከፈት የወለድ ምጣኔው ያው 19 በመቶ ነበር። አንድ ነጥብ አልተነካም። ሊራ ግን በዚያው ዕለት እስከ 15 በመቶ ዋጋውን አጣ። የተቀየረው የገዥው ስም ብቻ ነው፤ ገበያውም ከአዲሱ ገዥ ምን እንደሚመጣ ገምቶ በአንድ ጊዜ ሒሳቡን ሠራ። ዶርንቡሽ ጽሑፋቸውን በግምትና በምንዛሪ ላይ የመሠረቱት ለዚህ ነው። ምንዛሪ የዛሬውን ወለድ አይደለም የሚያየው፤ የሚቀጥለውን፣ የከርሞውን፣ ከዚያም በኋላ ያለውን ሰልፍ ነው።

ግምቱ ልክ ነበር። ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር 2021 ወለዱ ከ19 ወደ 14 በመቶ ወረደ፤ በዲሴምበር 20 አንድ ዶላር 18.4 ሊራ ደረሰ። ያን ዕለት ማታ መንግሥት ሊራውን ባንክ ለሚያስቀምጥ ሰው ምንዛሪው ከወለዱ በላይ ቢወርድ ልዩነቱን እከፍላለሁ አለ። ሊራ ጥቂት ተነፈሰ፤ አደጋው ግን ከቆጣቢው ኪስ ወጥቶ የመንግሥት ዕዳ ሆነ። ወለድ ወደ 8.5 በመቶ እስኪወርድ ድረስ መቀነሱ ቀጠለ፤ በኦክቶበር 2022 ግሽበቱ 85 በመቶ አለፈ።

ከ2023 ምርጫ በኋላ አንካራ መንገዷን ለወጠች። መሕመት ሺምሼክ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተመለሱ፤ ወለዱም ከ8.5 ተነስቶ በማርች 2024 ወደ 50 በመቶ ደረሰ። ሊራ ጠነከረ? አልጠነከረም፤ በ2024 መጨረሻ አንድ ዶላር 35 ሊራ ነበር። ይህን አይቶ 50 በመቶውም ከንቱ ነበር የሚል ሰው ግን ይሳሳታል። 50 በመቶ የሚከፈልበት ገንዘብ ቀስ እያለ እንደሚረክስ አስቀድሞ የሚጠበቅ ነው፤ ቁም ነገሩ የሚረክስበት ፍጥነት ከሚከፈለው ወለድ ማነሱ ነው። ያ ሲሆን ዶላር ይዞ የኖረው ሰው ሊራ መያዝ ያዋጣዋል። በማርች 2025 የኢስታንቡል ከንቲባ ኤክረም ኢማሞግሉ ሲታሰሩ ግን ሊራ በሰዓታት ውስጥ ተናወጠ፤ የ42.5 በመቶ ወለድ አላዳነውም፣ ባንኩ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለመሸጥና ወለዱን መልሶ ለማሳደግ ተገደደ።

ወደ ራሳችን እንምጣ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔ አወጀ፤ 15 በመቶ። ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ባንክ ሦስት ነጥብ ጨምሮ በ18 ይበደራል፤ የተረፈው ሦስት ነጥብ ቀንሶ በ12 ያስቀምጣል። ከሃያ ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የብር ተመን ለገበያ ተለቀቀ። በዋዜማው አንድ ዶላር 57.48 ብር ነበር፤ በዚያው ቀን በንግድ ባንክ ሰሌዳ ላይ ከ74 ብር በላይ ሆነ። ነሐሴ 1 ቀን በተካሄደው ልዩ ጨረታ የ27 ባንኮች አማካይ ዋጋ 107.9 ብር መጣ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ 135 ብርን ተሻግሯል።

ሁለቱ ውሳኔዎች በአንድ ወር ውስጥ መምጣታቸው ብዙ ሰው 15 በመቶው ብርን ለማቆም የተተከለ ምሰሶ ነው ብሎ እንዲያስብ አድርጎታል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ያየ ግን ምሰሶው ሌላ ቦታ መሆኑን ይረዳል።

የተለመደው የወለድ መንገድ የውጭ ባለገንዘብ ነው። ያ መንገድ በእኛ አገር ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ለንደን የተቀመጠ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ኢስታንቡል ውስጥ እንደሚያደርገው ዛሬ ብር ገዝቶ፣ በግምጃ ቤት ሰነድ ላይ አውሎ፣ በሦስት ወር ዶላሩን ይዞ የሚወጣበት ገበያ ገና አልዳበረም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ወለድ ምንዛሪን መንካት የሚችለው በአገር ልጅ በኩል ብቻ ነው፤ ዶላሩን ከባንክ ይልቅ በዕቃ ላይ በሚያውለው ላኪ፣ ብሩን ወደ ቆርቆሮና ወደ ብረት በሚቀይረው የመርካቶ ነጋዴ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከጅዳ ለእናቱ በሚልከው ልጅ በኩል።

እነዚህ ሰዎች ደግሞ 15 በመቶን አያገኙትም። የቁጠባ ደብተር ዝቅተኛ ወለድ የብር ተመን በ15 በመቶ በተቀነሰበት በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ከተደረገ ወዲህ ለዓመታት እዚያው ቆየ። ብዙ ሚሊዮን ብር ያለው ሰው ከባንኩ ጋር ተደራድሮ የተሻለ ያገኛል፤ የቀበሌው ጡረተኛ ግን 7 በመቶውን ይዞ ይኖራል። ግሽበቱ 30 በመቶ ባለፈባቸው ዓመታት ይህ ሰው በየዓመቱ ከገንዘቡ የመግዛት አቅም ከአምስት እጅ አንዱን ያህል እያጣ ነበር። በዚህ ሁኔታ መሬት፣ መኪናና ዶላር መሸሸጊያ ቢሆኑ ማን ይፈርዳል?

አንድ ስሌት እናድርግ። ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ ሰው 1,000 ዶላር በባንክ መንዝሮ 57,480 ብር አስቀመጠ። በ7 በመቶ ከዓመት በኋላ 61,500 ብር ገደማ ይሆንለታል፤ ዶላር በ135 ብር ሲሰላ 456 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። የደብተሩ ወለድ 15 በመቶ ቢሆንለትስ? 490 ዶላር። የስምንት ነጥቡ ልዩነት ያዳነው 34 ዶላር ብቻ ነው። በአሜሪካ የመንግሥት ሰነድ ላይ ቢያውለው በዚያን ጊዜ ምጣኔ 1,050 ገደማ ይሆንለት ነበር። ተመኑ ለዓመታት ታፍኖ ቆይቶ ሲለቀቅ ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ የትኛውም የወለድ ቁጥር አያካክሰውም። ላኪው ልጅ በወቅቱ የሚጠይቀውም ወለዱ ስንት ነው ብሎ አልነበረም፤ በባንኩና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው ብሎ ነው።

ታዲያ ሰኔ 2016 ላይ 19.9 በመቶ የነበረው ግሽበት ብር ከግማሽ በላይ ረክሶም ቢሆን በሰኔ 2017 ወደ 13.9 በመቶ እንዴት ወረደ? የዚህ ጸሐፊ ግምት ቀዳሚውን ድርሻ ለብድር ጣሪያው ይሰጣል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ ተመኑ ከመለቀቁ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። መንግሥት ከባንኩ የሚወስደው ቀጥተኛ ብድርም ተቆረጠ። በዋጋ ሳይሆን በራሽን የተያዘ ገንዘብ ነው። ብድር የሌለው ነጋዴ ዶላር ለመግዛት የሚሽቀዳደምበት ብር የለውም። በዚያ ላይ የወርቁ ነገር ተጨመረ፤ ቀድሞ በዓመት አራት ቶን ገደማ ብቻ ይገባው ለነበረው ብሔራዊ ባንክ በ2017 ዓ.ም. ከ30 ቶን በላይ ገባ። ወርቁን ከኮንትሮባንድ መንገድ የመለሰው አዲሱ ተመን እንጂ ወለድ አይደለም።

ጣሪያው ዋጋ አስከፍሏል። ጥሩ ፕሮጀክት ይዞ የመጣ ተበዳሪ ወለድ ጨምሮ ሌላውን መብለጥ አይችልም፤ ኮታው ካለቀ አለቀ ነው። ማበደር የማይፈቀድለት ባንክም ለቆጣቢው የተሻለ ወለድ ለመክፈል ብዙ ምክንያት የለውም። ስለዚህ የ15 በመቶው ቁጥር ከላይ ተቀምጦ የ7 በመቶው ደብተር ከሥር ሳይነቃነቅ ሊቀጥል ቻለ። ባለሥልጣናቱ ይህን ይክዳሉ ማለት አይደለም፤ ጣሪያው ጊዜያዊ መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል። በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ፣ በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ወደ 24 በመቶ አላልተውታል፤ 15 በመቶው ግን ያኔም ባለበት ጸና።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዶርንቡሽ ተማሪ የነበሩት ኬኔት ሮጎፍ ከሪቻርድ ሚስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት በወለድ፣ በግሽበትና በገንዘብ መጠን ላይ የተመሠረቱት የምንዛሪ ስሌቶች ሁሉ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ነገም እንደ ዛሬ ይሆናል ከሚል ግምት የተሻለ አይተነብዩም ብለዋል። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፎም ውጤቱ በቀላሉ አልተገለበጠም። ስለዚህ ብር በመጪው ሰኔ ስንት ይሆናል ብሎ ቁጥር የሚያቀርብ ባለሙያ ሲገኝ ቁጥሩን ትቶ ምክንያቱን ማዳመጥ ይበጃል።

ምክንያት ከተፈለገ ጣሪያው የሚነሳበትን ጊዜ መመልከት ነው። ያን ጊዜ ባንኮች ለተበዳሪም ለቆጣቢም በዋጋ መወዳደር ይጀምራሉ፤ 15 በመቶውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ይሠራል ወይም አለመሥራቱ ይታያል። አንካራ ይህን ፈተና ያለፈችው በፖሊሲ ወለዱ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ባለሥልጣናቱ ባንኮች ለሊራ ቆጣቢ የሚከፍሉትን ወለድ እንዲያሳድጉ በመመሪያ ገፏቸው፤ የአንድ ተራ ደንበኛ የሦስት ወር ተቀማጭ ከ50 በመቶ በላይ ማግኘት ሲጀምር በመንግሥት ዋስትና የተያዘው የምንዛሪ ሒሳብ መሟሟቱን ቀጠለ፣ በኦገስት 2025 አዲስ መክፈት ቆመ። በአዲስ አበባ ግን የደብተሩ ወለድ እንዲነሳ ባንኮችን የሚገፋ መመሪያ እስከ 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ አልወጣም፤ ጣሪያው እያለ ቢወጣም የተጨማሪውን ወለድ ወጪ ከየት አምጥተው እንደሚሸፍኑት ባንኮቹ ይጠይቃሉ።